ጠመንጃ ሲከሽፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው?



«ከሸፈ» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምንሰማው አስቡት። መፈንቅለ መንግሥቱ ከሸፈ። ድርድሩ ከሸፈ። ዕቅዱ ከሸፈ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም በ2005 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ካሉት ወዲህ ደግሞ ቃሉ ከፖለቲካ ክርክራችን ጠፍቶ አያውቅም። ለጠመንጃ ሰው ግን ይህ ቃል ምሳሌያዊ አይደለም። ምላጭ ይሳባል፣ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ጥይቱ ግን አይተኮስም። ያኔ «ከሸፈ» ይባላል፤ በጦር ሜዳ ላይ ያለ ሰው ከዚያች «ቀጭ» በኋላ ያለውን ዝምታ ከማንኛችንም በተሻለ ያውቀዋል።

የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ ዝምታ ነው። አንድ ጦር፣ ሁለት ጠመንጃዎች፣ በመካከላቸው 25 ዓመት ገደማ። ሁለቱም በመጀመሪያ ዘመናቸው አስቸግረዋል። አንደኛው ተመርምሮ ተስተካከለና ከዘመኑ ምርጥ መሣሪያዎች አንዱ ሆነ። ሁለተኛው ሲቀረቀር ግን ጥፋቱ ወታደሩ ላይ ተለጠፈ፤ እውነቱ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ወጣቶች በእጃቸው ላይ በሞተ ብረት ሞቱ። የሁለቱ ልዩነት የብረት ብቻ አልነበረም። ልዩነቱ «ማን ነው መጀመሪያ የሚጠየቀው?» በሚለው ላይ ነበር።

(በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

■ ከሸፈ፣ ዘገየ፣ ተቀረቀረ

ከታሪኩ በፊት ትንሽ ስለ መሣሪያው። ጠመንጃ እምቢ ሲል ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ክሽፈት አይደለም። የሚያውቅ ሰው ሦስት ነገሮችን ይለያል።

አንደኛው ዋናው መክሸፍ ነው። መርፌው ጥይቱን መትቶታል ወይም ሊመታው ሞክሯል፤ ባሩዱ ግን አልተቀጣጠለም። ሁለተኛው መዘግየት ነው። ጥይቱ የሞተ መስሎ ይቆይና ድንገት ይተኮሳል። በተኩስ ልምምድ ሜዳ ላይ ጠመንጃ ሲከሽፍ «አፈሙዙን ከዒላማው ሳታዞር ጠብቅ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቸኩሎ መዝጊያውን የከፈተ ሰው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ሦስተኛው መቀርቀር ነው። ጥይቱ በደንብ ተተኩሷል፣ ባዶው ቀለሃ ግን አልወጣም፤ ወይም ቀጣዩ ጥይት በትክክል አልጎረሰም።

እንግዲህ አንድ አሮጌ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ከሸፈ እንበል። ጥሩ መሣሪያ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚያየው ተኳሹን አይደለም። የከሸፈውን ጥይት አውጥቶ ከበስተኋላው ያየዋል። እዚያ መሃል ላይ ትንሽ ክብ ተቀጣጣይ አለች፤ መርፌው ሲመታት ባሩዱን የምትለኩሰው እሷ ናት። ምስክሩ ያለው እሷ ላይ ነው።

ተቀጣጣይዋ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ጠመንጃው ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ወይ አርጅቷል፣ ወይ እርጥበት ገብቶታል፣ ወይ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ጉድለት ነበረበት። ጉድጓዱ ጥልቀት ከሌለውና ጭረት ብቻ ከሆነ ግን ጥያቄው ወደ ጠመንጃው ይዞራል። የመምቻው ሞላ ደክሞ ይሆን? መርፌው በልቶ አጥሮ ይሆን? የዓመታት ቅባት መዝጊያው ውስጥ እንደ ሰም ደርቆ መርፌውን ይዞት ይሆን? ምንም ምልክት ከሌለ ደግሞ ወይ መርፌው ተሰብሯል፣ ወይ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ አልተቆለፈም። አንዳንድ ጠመንጃዎች መዝጊያቸው እስኪቆለፍ ድረስ መርፌው ወደ ፊት እንዳይደርስ ተደርገው የተሠሩ ናቸውና፣ እንዲህ ሲሆን መሣሪያው ተኳሹን ከአደጋ ጠበቀ እንጂ አልከሸፈም ማለት ይቻላል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ጥይቱ። ቀጥሎ የጠመንጃው ክፍሎች። ከዚያ ንጽሕናው። ሰውየው የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ስለማያጠፋ አይደለም፤ ብረትና ባሩድ ስለማይዋሹ ነው። ሰውን መጀመሪያ የጠየቀ ሰው ምስክሩን ሳያይ ፈርዷል።

■ የመጀመሪያው ጠመንጃ፦ ኤም ዋን

ጆን ጋራንድ በ1888 ካናዳ ውስጥ፣ ኩቤክ ተወለደ። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራ የማሽን ሙያ ተማረ። በ1919 ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ገባና ከ15 ዓመት በላይ አንድ ነገር ላይ ተጠመደ፦ ወታደሩ ምላጭ በሳበ ቁጥር የሚተኩስ፣ ባዶውን ቀለሃ በራሱ የሚያስወጣና ቀጣዩን ጥይት በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ።

የአሜሪካ ጦር ይህን ጠመንጃ በጥር 1936 «ኤም ዋን» ብሎ ተቀበለው። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ ከዚያ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አባቶቻችን ማይጨው ላይ ከጣሊያን ጋር ተጋጠሙ። እጃቸው ላይ የነበረው ምንሽርና መሰሎቹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መዝጊያቸው በእጅ ተስቦ የሚመለስ ነበር። ይህ የእኛ ድህነት ብቻ አልነበረም። የጣሊያንም፣ የጀርመንም፣ የእንግሊዝም እግረኛ ወታደር የያዘው የዚያኑ ዓይነት ነበር። ኤም ዋን አዲስ ነገር ነበረ፤ አዲስ ነገር ደግሞ በሽታውን ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው በሽታ ከጋዙ ነበር። ኤም ዋን የሚሠራው ከባሩዱ የሚወጣውን ጋዝ ተጠቅሞ ነው። ጋዙ አንድ ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ዘንጉ መዝጊያውን ይከፍታል፣ ሞላው ደግሞ መልሶ ይዘጋዋል። በመጀመሪያው አሠራር ጋዙ የሚያዘው አፈሙዙ ጫፍ ላይ፣ ጥይቱ ከወጣ በኋላ ነበር፤ ቱቦውን መብሳት እንዳያስፈልግ ታስቦ። በሥራ ላይ ሲውል ግን ጫፉ ላይ ያለው መያዣ በጥላሸት ይሞላ ጀመር፤ አገጣጠሙም አስተማማኝ አልነበረም። መፍትሔው ከአፈሙዙ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከቱቦው ሥር ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ሆነ። ከ1940 ጀምሮ የተመረቱት በዚህ መንገድ ተሠሩ። እስከዚያ 50 ሺህ ገደማ ጠመንጃዎች በአሮጌው አሠራር ወጥተው ነበርና አብዛኞቹ እየተመለሱ ተቀየሩ።

ሁለተኛው በሽታ የበለጠ የሚገርም ነው። ኤም ዋን ስምንት ጥይት በአንድ የብረት ማሰሪያ ታቅፎ ይጎርሳል። ከፋብሪካ የወጡት ጠመንጃዎች ሲሞከሩ ሰባተኛው ጥይት ላይ ሲደርሱ የመቀርቀር ጠባይ አሳዩ። ለምን ሰባተኛው?

ተኳሹን መውቀስ ቀላል ነበር። ነገር ግን ሰነፍ ተኳሽ አንዴ በሁለተኛው፣ አንዴ በአምስተኛው ጥይት ላይ ነው የሚያጠፋው፤ ሁልጊዜ ሰባተኛው ላይ የሚያጠፋ ሰው የለም። ችግሩ አንድ ቦታ ላይ ከተደጋገመ ያለው ከሰውየው ውጪ ነው። ስለዚህ ጋራንድና ባልደረቦቹ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ በእጅ የሠራናቸው የናሙና ጠመንጃዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም፤ ታዲያ ከእጅ ሥራ ወደ ማሽን ሥራ ስንሸጋገር ምን ተለወጠ?

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ መልሱ ተገኘ። ለብዙ ምርት ማሽኖቹ ሲዘጋጁ፣ በጠመንጃው ሆድ ውስጥ ማሰሪያውን ከሚመራው የብረት ጠርዝ ላይ መቁረጫው ጥቂት ብረት አብሮ ይወስድ ነበር። ጥይቶቹ ሲያልቁና ማሰሪያው ሲቀል፣ ያ የጎደለ ብረት ማሰሪያው እንዲያዘነብል ያደርገዋል፤ ሰባተኛው ጥይትም መንገዱን ይስታል። የማሽኑ ሥራ ታረመ። ቀድመው በወጡት ላይም የጎደለው ብረት በብየዳ ተሞላ። በሽታው ጠፋ።

ይህ ሁሉ የሆነው በሰላም ጊዜ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አልነበረም። በ1940 አውሮፓ እየነደደች ነበር። ሜልቪን ጆንሰን የተባለ ሰው ተወዳዳሪ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጋዜጦች ኤም ዋንን ያብጠለጥሉ ነበር፤ ጉዳዩ እስከ ምክር ቤት ደርሷል። ጦሩ በአደባባይ ለመሣሪያው መከራከሩን አልተወም። ፋብሪካው ውስጥ ግን ጥያቄው «ወታደሩ ምን አጠፋ?» አልነበረም። «እኛ ምን ቆረጥን?» ነበር።

ሌላም ልጨምር። ኤም ዋን ከባድ ዝናብ ሲመታው ቅባቱ ይታጠብና መዝጊያው ይደርቅ ነበር። መፍትሔው «ወታደር ዝናብ ላይ አይቁም» አልሆነም። ውኃ የማያጥበው ወፍራም ቅባት ተፈልጎ በትንሽ ዕቃ ለወታደሩ ታደለው፤ ዕቃዋም ሰደፉ ውስጥ እንድትቀመጥ ተደረገ። በኋላ የመጣው ኤም 14 ደግሞ መዝጊያው በሚፋተግበት ቦታ ላይ ትንሽ ተሽከርካሪ ጎማ ተገጠመለት። የመስኩ ቅሬታ ወደ ሥዕል ጠረጴዛው ተመልሶ ብረት ሆነ ማለት ነው።

ጄኔራል ጆርጅ ፓተን በ1945 በጻፈው ደብዳቤ ኤም ዋንን እስከዚያ ከተፈለሰፉት የውጊያ መሣሪያዎች ሁሉ በላይ አድርጎ አሞገሰው። በጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ጋራንድ ራሱ የፈጠራ መብቱን ለመንግሥት አሳልፎ ሰጥቶ ነበርና ከእያንዳንዱ ጠመንጃ አንዲት ሳንቲም አላገኘም፤ 100 ሺህ ዶላር እንዲሸለም የቀረበው ረቂቅ ሕግም በምክር ቤቱ ሳይጸድቅ ቀረ።

■ ቃኘውና ኤም ዋን

ይህ ጠመንጃ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲደርስ፣ ወደ ግንባር ከመግባቱ በፊት የአሜሪካን መሣሪያ ለመልመድ ሠለጠነ። ከዚያም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ክፍለ ጦር (ሬጅመንት) ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። የዚያ ጦር እግረኛ ዋና ጠመንጃ ኤም ዋን ነበር።

ኮሪያ ደግሞ ለጠመንጃ ከባድ ፈተና ነበረች። ቃኘው ከመድረሱ በፊት በነበረው የ1950 እና 51 ክረምት ብርዱ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ በላይ ይወርድ ነበር። በዚያ ብርድ ዘይት ይወፍራል፤ የወፈረ ዘይት መርፌውን ያዘገየዋል፤ የዘገየ መርፌ ተቀጣጣይዋን ይነካታል እንጂ አይመታትም። ቀደም ብለን ያልናት ጥልቀት የሌላት ጭረት ማለት ነው። ወታደሩ ዘይት ባበዛ ቁጥር ጠመንጃው ይብስበታል፤ በሞቃት አገር በጎ የሆነው ጥንቃቄ እዚያ ጥፋት ይሆናል። ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የተባለው የጦር ጸሐፊ በዚያ ክረምት የተዋጉትን ወታደሮች እየጠየቀ ባዘጋጀው ጥናት፣ ኤም ዋን ፈተናውን በደንብ እንዳለፈና ቀለል ያለው ካርባይን ግን ብዙ ቅሬታ እንደቀረበበት ጻፈ። የተጠየቁት ወታደሮቹ እንደነበሩ ልብ በሉ። ስለ ጠመንጃው ለማወቅ ጠመንጃውን ወደያዘው ሰው ተኬደ።

በ1953 ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የአሜሪካ ጠመንጃዎች የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ዋና መሣሪያ ሆኑ። «ኤም ዋን» እና «ኤም አሥራ አራት» የሚሉት ስሞች እስከ ገጠር ድረስ የታወቁት በዚያ መንገድ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ከአገራችን መጋዘኖች የወጡ የዚያ ዘመንና ከዚያም የቀደሙ መሣሪያዎች አሜሪካ ውስጥ ለአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ሲሸጡ አይተናል። እነዚያ ሰብሳቢዎች የገዙት ኤም ዋን ሲከሽፍባቸው የሚከተሉት መንገድ ይኸው የነገርኳችሁ ነው። መጀመሪያ ጥይቱን በሌላ ምርት ይለውጣሉ። ማሰሪያውን ይለውጣሉ። መዝጊያውን ፈትተው የደረቀ ቅባት ያጥባሉ። የደከሙትን ሞላዎች ይተካሉ። የጋዙ ዘንግ ጫፍ በልቶ እንደሆነ ይለካሉ። ሰባ ዓመት ያለፈው ጠመንጃ ብዙ ጊዜ በጥቂት ዶላር ሞላ ይነሣል።

■ ሁለተኛው ጠመንጃ፦ ኤም 16

አሁን ወደ ቬትናም። ጠመንጃው አውቶማቲክም መተኮስ የሚችል አዲስ ትውልድ ነው፤ ታሪኩ ግን የዚያው ጦር፣ ጥያቄውም ያው ጥያቄ ነው።

ዩጂን ስቶነር የነደፈው ኤኤር 15 ቀላል፣ ጥይቱም ትንሽና ፈጣን ነበር። ኮልት ፋብሪካ መብቱን ገዛው። በ1963 መንግሥት የመጀመሪያውን ትልቅ ትእዛዝ ሰጠ፦ 85 ሺህ ለምድር ጦር፣ 19 ሺህ ለአየር ኃይል። ጠመንጃው ኤም 16 ተባለ።

ስቶነር ጠመንጃውን የነደፈውና የሞከረው በአንድ ዓይነት ባሩድ ነው። በ1964 ግን ጦሩ ባሩዱን ቀየረ። የመጀመሪያውን ባሩድ በተፈለገው መጠንና በተቀመጠው የግፊት ልክ ማምረት አስቸጋሪ ሆኗል ተባለ፤ በምትኩ ሉል ቅርጽ ያለው ሌላ ባሩድ ገባ። ይህ ባሩድ ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛ፣ ጠመንጃው ከታሰበው በላይ እንዲፈጥን አደረገ፤ ክፍሎቹ ላይ ያለው ጫና ጨመረ። ሁለተኛ፣ በውስጡ አሲድ ለማርከስ የተጨመረ ካልሲየም ካርቦኔት ነበረበትና የጋዙን መተላለፊያ በቅሪት ይሞላ ጀመር።

ወሬው እዚህ ላይ ይከብዳል። ኮልት በአዲሱ ባሩድ ጠመንጃዎቹ የርክክብ ፈተናውን ማለፍ እንደሚያስቸግራቸው ለጦሩ አስታወቀ። የተሰጠው መልስ ፈተናውን በፈለገው ባሩድ እንዲያደርግ ፈቃድ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃው ፋብሪካው ውስጥ በአንድ ባሩድ ይፈተናል፤ ወታደሩ ቬትናም ውስጥ የሚተኩሰው በሌላ ባሩድ ነው። ፈተናው ያልፋል። ወታደሩ ይወድቃል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። ጥይቱ ጎርሶ የሚቀመጥበት የቱቦው ሥር በክሮም አልተለበጠም ነበር። ቬትናም እርጥብና ሞቃት ናት፤ ያልተለበጠ ብረት በቀናት ውስጥ ይዝጋል፤ የዛገ ቦታ ላይ የተተኮሰ ቀለሃ ይጣበቃል። ይህ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። ሶቪየቶች ክላሹን ውስጡን በክሮም ይለብጡት ነበር። ራሱ የአሜሪካ ጦር ኤም 14ን ለብጦታል። ኤም 16 ላይ ግን ቀረ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠመንጃው ብዙ መወልወል የማያሻው ተብሎ ተወራ፤ በመጀመሪያ የታደላቸው ብዙ ወታደሮችም በቂ የመወልወያ ዕቃ አልደረሳቸውም።

ውጤቱ መቀርቀር ነበር። ቀለሃው ይጣበቃል፤ መዝጊያው ሊያወጣው ሲጎትት ጠርዙን ቆርጦ ይመለሳል፤ ባዶው ቀለሃ ውስጥ ይቀራል። ያንን የሚያወጣ ነገር ከአፈሙዙ የሚገባ የመወልወያ ዘንግ ብቻ ነው። እሳት እየዘነበበት ዘንግ ፈልጎ ወደ አፈሙዝ የሚያስገባ ወታደር አስቡ። ጠመንጃው በዚያች ደቂቃ ከአድዋ በፊት ወደነበረው፣ ከአፍ ወደሚጠቀጠቀው ነፍጥ ተመለሰ ማለት ነው።

በ1967 ሚያዝያና ግንቦት፣ ኬ ሳን አካባቢ ባሉ ኮረብታዎች ላይ የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ከባድ ውጊያ ገጠሙ። ኤም 16 የተሰጣቸው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ከእነሱ አንዱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ብዙዎቹን የገደለው የራሳቸው ጠመንጃ መሆኑን ተናገረ፤ የሞቱት ጓዶቹ ሊጠግኑት የሞከሩት ጠመንጃ ተፈትቶ አጠገባቸው ይገኝ ነበር። ደብዳቤው በጋዜጣ ወጣ፤ ጄምስ ሃዋርድ የተባሉ የኒው ጀርሲ እንደራሴም ለምክር ቤቱ አሰሙት።

ከላይ ይሰጥ የነበረው መልስ ምን ነበር? «አልወለወላችሁም።»

መልሱ ሙሉ ለሙሉ ሐሰት አለመሆኑ ነው የሚያስከፋው። ያልተወለወለ ኤም 16 በእርግጥ ይቀረቀራል። ግን መወልወያ ያልሰጠኸውን፣ «መወልወል አያሻውም» ያልከውን፣ ባሩዱን ሳትነግረው የቀየርክበትን ወታደር «አልወለወልክም» ማለት «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። ባሩዱን የቀየሩት ሰዎች ኮከብና ወንበር ነበራቸው። ወታደሩ የነበረው ጠመንጃው ብቻ ነው፤ እሱም ተቀርቅሯል።

በግንቦት 1967 በሚዙሪው እንደራሴ በሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ ምርመራ ጀመረ። በጥቅምት ወር ያወጣው ሪፖርት ዋናውን ምክንያት ከወታደሩ እጅ አውጥቶ ባሩዱ ላይና የለወጡት ሰዎች ላይ አስቀመጠው። የጥይቱን ጉድለት ለማረም ሥልጣን ያላቸው የጦሩ ባለሥልጣናት እርምጃ አለመውሰዳቸው በወንጀል ወደሚያስጠይቅ ቸልተኝነት የተጠጋ ነው እስከ ማለት ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። የቱቦው ሥር በክሮም ተለበጠ። ፍጥነቱን የሚቀንስ አዲስ የኋላ መከላከያ ተገጠመ። የባሩዱ ቅመም ታረመ። መወልወያው ታደለ። በ1968 ደግሞ ታዋቂው የሥዕል ታሪክ ሠዓሊ ዊል አይስነር የሠራው፣ ወታደር ሊያነበው የሚወደው የአያያዝ መመሪያ ታትሞ ተሰራጨ። ያው ሲረገም የነበረው ጠመንጃ አስተማማኝ ሆነ፤ ልጅ ልጆቹ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ አሉ። ስለዚህ ንድፉ መዳን የማይችል አልነበረም። ጊዜ የፈጀው ምርመራውን ከትክክለኛው ቦታ መጀመር ነበር።

■ ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጥ፤ ጋራንድ ሁለቱን ጠመንጃዎች እንዳስቀመጠ።

በኤም ዋን ታሪክ ጠመንጃውን የነደፈው ሰውና የሚያመርቱት ማሽኖች አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ችግሩን ያየ ሰው በእግሩ ሄዶ ለሚያርመው ሰው ይነግረዋል። በኤም 16 ታሪክ ነዳፊው ሌላ ቦታ፣ ፋብሪካው ሌላ ቦታ፣ ባሩድ መራጩ ሌላ ቦታ፣ ሟቹ ደግሞ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ወረቀት በትክክል ሞልቷል። ሁሉም ፊርማ ትክክል ሆኖ ጠመንጃው ግን አይተኩስም።

በኤም ዋን ታሪክ ፈተናው የሚፈተነው መሣሪያውን ነበር። በኤም 16 ታሪክ መሣሪያው ፈተናውን እንዲያልፍ ፈተናው ተለወጠ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። የአንድ ሥርዓት መክሸፍ የሚጀምረው ጥይት ሳይተኮስ ሲቀር አይደለም፤ መለኪያው እውነቱን እንዳያሳይ ሲደረግ ነው። «ቀጭ» የምትለዋ ድምፅ ከዓመታት በኋላ የምትሰማ የዚያ ፊርማ ማስተጋቢያ ናት።

አንዳንዱ «የጦርነት ጥድፊያ ነው» ይላል። ግን በ1940 ጥድፊያው ያነሰ ነበር? ሂትለር ፓሪስ ገብቶ ነበር። ተወዳዳሪው በር ላይ ቆሞ ነበር። ጥድፊያ ሁለቱንም ገጥሟቸዋል፤ የተለያየው ጥያቄው ነው።

■ ወደ እኛ ስንመለስ

ቃሉን ከጠመንጃ ወስደን ለመንግሥትና ለፖለቲካ ስንሰጥ፣ ግማሹን ብቻ ነው የወሰድነው። «ከሸፈ» ማለትን ወሰድን። ጥይቱን አንሥቶ የማየቱን ሙያ ግን እዚያው ተውነው። አንድ ነገር ሲከሽፍብን ወዲያው የምንፈልገው ሰው ነው፤ ያውም ዝቅ ያለውን ሰው። ምርት ሲቀንስ ገበሬው ዘመናዊ አሠራር አልተቀበለም እንላለን፤ ማዳበሪያው በየትኛው ወር እንደደረሰው አንጠይቅም። ክሊኒክ አገልግሎቱ ሲበላሽ ነርሷን እንገላምጣለን፤ መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ መኖሩን አናይም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚያን ሰሞን «የዘንድሮ ልጅ አያነብም» የሚለውን ስንቶቻችሁ ሰማችሁ? ሰባተኛዋን ጥይት አስታውሱ። አንድ ተማሪ ቢወድቅ ተማሪው ሰነፈ ማለት ይቻላል። ከመቶው ዘጠና ሰባቱ ሲወድቁ ግን ሁሉም ሰባተኛው ጥይት ላይ ነው የተቀረቀሩት፤ ጉዳዩ ከልጆቹ እጅ ወጥቷል። ያኔ መታየት ያለበት ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ምን እንደተቆረጠ፣ ማን እንደቆረጠው፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ፈተናዎችም በየትኛው «ባሩድ» ይፈተኑ እንደነበር ነው።

ይህን ስል ተጠያቂነት ይቅር ማለቴ አይደለም። ተቃራኒው ነው። ምርመራው ከጥይቱ ሲጀምር ነው መጨረሻ ላይ ትክክለኛው ሰው የሚገኘው። አይኮርድ ከወታደሩ ቢጀምር ኖሮ መዝገቡ «አልወለወለም» ተብሎ በተዘጋ ነበር። ከቀለሃው ስለጀመረ የተቀደደው ጠርዝ ወደ ባሩዱ፣ ባሩዱ ወደ ፊርማው፣ ፊርማው ወደ ቢሮው መራው።

ስለዚህ ወዳጆች፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ ተንታኝ ወጥቶ «ይህ ነገር የከሸፈው ሕዝቡ ስላልተባበረ ነው»፣ «ሠራተኛው ቸልተኛ ስለሆነ ነው» ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። አንድ፦ ችግሩ ያለማቋረጥ የሚደጋገመው የት ላይ ነው? ሁለት፦ ሲሞከር በነበረበት ጊዜና አሁን መካከል ምን ተለወጠ፣ ማንስ ለወጠው? ሦስት፦ ታች ያለውን ሰው ጠይቃችሁታል ወይስ ወቅሳችሁታል?

መልስ ከሌለው ጥይቱን ገና አላነሣውም ማለት ነው።

በየሥራ ቦታችሁ «አልወለወላችሁም» ተብላችሁ የምታውቁ ከሆነ ከታች ጻፉልን፤ እናንብበው። ለወዳጅ ማጋራትም አይርሳ።

ሰላም ሰንብቱ።